ሐዋሳ ላይ የባትሪ ድሪል የምትገዙ ካርቶኑን አትመኑ

ዘንድሮ ሐዋሳ የገባሁት የእናቴን ቤት ለማደስ ነው። ብዙ ባለሙያ አሠርቻለሁ፤ ብዙ ሱቅ ገብቼ ወጥቻለሁ። አብዛኛው መልካም ነበር። ቀለም ቀቢዎቹ ባሉት ቀን ጨርሰው ሄዱ። ሮቶውን ያመጣው ልጅ ቧንቧውን ገጥሞ፣ ውሃው እስኪሞላ ቆሞ ጠበቀ። አንዱ ሱቅ የሠራኝ ሥራ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ከውጭ የምትመጡም፣ እዚያው ቤት የምትሠሩም እንዳትሸወዱ ብዬ በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

የፈለግኩት በባትሪ የሚሠራ፣ መዶሻ ያለው ድሪል ነው። የመጋረጃ ብረት፣ የኩሽና መደርደሪያ፣ የቴሌቪዥን ማንጠልጠያ የሚሰቀልበት ቀዳዳ ሁሉ ይጠብቀኝ ነበር። መናኸሪያ አካባቢ ወዳለ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ገባሁ። ስሙን አልጠራም።

ሻጩ ካርቶኑ ላይ በትልቁ 128 ቮልት የተጻፈበት ድሪል አወጣልኝ። ሞተሩ ብራሽለስ፣ ማለትም የሚፋተግ ካርቦን የሌለው ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። "አዎ ወንድሜ፣ ኦርጅናል ነው" አለኝ። ኮንክሪት ይበሳል ወይ አልኩት። "ያለ ሐሳብ!" አለ። እስቲ ኮንክሪት ላይ እንሞክረው ስለው "ፑንታው (መብሻ ብረቱ) ይበላሻል፣ አዲስ ዕቃ እንዲህ አናደርግም" ብሎ ቁራጭ እንጨት አቀረበልኝ። እንጨቱን በሳ። እንጨት የማይበሳ ድሪል የት አለ?

ዋጋው 14,500 ብር። ያለ ደረሰኝ ከሆነ እንደሚቀንስልኝ ነገረኝ። አይ፣ ደረሰኝ እፈልጋለሁ አልኩ። የሰጠኝ ደረሰኝ ላይ የሰፈረው 6,200 ብር ነው፤ ያውም ቫቱን ጨምሮ። የዕቃው ስም "ድሪል" ከሚል በቀር ሞዴል የለውም። ለምን አነሰ ስለው "ማሽኑ እንዲህ ነው የሚያወጣው፣ አትጨነቅ፣ እኛ አለን" አለ። ይህን ቃል ያዙልኝ።

ቤት ወስጄ ባትሪውን ሞላሁት። ብሎኬቱን በደንብ በሳው። የመጋረጃው ብረት የሚሰቀለው ግን ከመስኮቱ በላይ ነው፤ እዚያ ያለው የኮንክሪት ቢም ነው። ድሪሉ ጮኸ፣ ተንቀጠቀጠ፣ አቧራ አወጣ። ቀዳዳው ግን ከጥፍር አልዘለለም። ትንሽ ቆይቶ እጄ ላይ ጋለ፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ባትሪው በሁለተኛው ቀዳዳ ላይ አለቀ።

በማግስቱ ከነካርቶኑ፣ ከነደረሰኙ ልመልሰው ይዤው ሄድኩ። የሸጠልኝ ልጅ ዐይኔን ማየት ተወ። "ባለቤቱ አዲስ አበባ ሄዷል፣ ነገ ና።" ነገ ሄድኩ። "ከሰዓት ይገባል።" ከሰዓት ሄድኩ። "ስልኩ አይሠራም።" እንዲህ እያሉ ከሳምንት በላይ አመላለሱኝ። እናቴ ቡና አፍልታ ስትጠብቀኝ እኔ ሱቅ በር ላይ እቆማለሁ። ከወገኔ ጋር ልሰነብት ስንት ወር ቆጥሬ የመጣሁበት ዕረፍት ነው በዚህ የባከነው። የምኖርበት ቶሮንቶ ቢሆን ዕቃውን ከነደረሰኙ ባንኮኒ ላይ ታስቀምጣለህ፤ ምን ሆኖ ነው ብለው ይጠይቁህና ገንዘብህን ይመልሱልሃል። እዚያ ማንም ወንድሜ አይለኝም፤ ግን ገንዘቤንም አይበላም።

በመጨረሻ ባለቤቱ ተገኘ። መጀመሪያ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" አሳየኝ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ማለትም 813/2006፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት እንደሚሰጥ ነገርኩት። ያኔ ደረሰኙን ተቀበለኝና አነበበው። "እንግዲህ እዚህ ላይ ያለው 6,200 ነው። ከፈለግክ እሱን እመልሳለሁ" አለ። የከፈልኩትን ልጁ ያውቃል። ልጁ ወለሉን ያያል። በረራዬ ደርሶ ስለነበር 6,200ውን ተቀብዬ ወጣሁ። 8,300 ብሬ እዚያው ቀረ። እነሱ ራሳቸው አሳንሰው የጻፉትን ወረቀት መልሰው እኔው ላይ መጠቀማቸውን ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል።

አሁን ደግሞ ስለ ደግ ሰው ልጻፍ። በምመላለስበት መሃል አንዲት ጎረቤታችን አቶቴ አካባቢ የኤሌክትሪክ ዕቃ ወደሚጠግኑ አንድ ጋሼ ላከችኝ። ድሪሉን ሳይፈቱ መረመሩት። ጥላ ውስጥ ይዘው አስነሱትና "ልጄ፣ በአየር ማስገቢያው ተመልከት" አሉኝ። ውስጡ ሰማያዊ ብልጭታ ይታያል። ብልጭታው የሚመጣው ከካርቦኑ ነው፤ ብራሽለስ ሞተር ካርቦን የለውም፣ ስለዚህም እንዲህ አይብለጨለጭም። ቀጥለው የተሞላውን ባትሪ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ለኩት፤ ወደ 21 ቮልት ገደማ ነው። አምስት የሊቲየም ሴል ሲሞላ የሚሰጠው ይህንኑ ነው፤ እያንዳንዱ 4.2። ትክክለኛ ስሙ 18 ቮልት ነው። 20 ቮልት ማክስ የሚባለውም ያው 18ቱ ነው። 128 የሚለው ቁጥር የትም የለም።

ከዚያ ስለ መዶሻው አስረዱኝ። ተራው ሀመር ድሪል ውስጥ ሁለት ጥርስ ያላቸው ዲስኮች እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ይንቀጠቀጣሉ። በደቂቃ 30,000 ጊዜ ያህል ሊመታ ይችላል፤ ምቱ ግን ቀላል ነው፣ ግፊቱን የምትሰጠው አንተ ነህ። ለብሎኬትና ለልስን ይበቃል። ጥሩ ዓይነቱ ኮንክሪት ላይም ጥቂት ቀዳዳ ያወጣል። ኤስዲኤስ የሚባለው የድሪል ዓይነት ግን በውስጡ ፒስተን አለው፤ በተጨመቀ አየር ይመታል። በደቂቃ 4,000 ወይም 5,000 ጊዜ ብቻ ቢመታም እያንዳንዱ ምት ከባድ ነው። ቢምና ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) የሚበሳ ሰው የሚያስፈልገው እሱ ነው። ፑንታውም የተለየ ነው፤ ጭራው ጎድጎድ ያለ 10 ሚሊ ነው፣ ለተራው ድሪል አይሆንም።

የራሳቸውን ኤስዲኤስ ለአንድ ቀን አከራዩኝ። የመስኮቶቹን ቀዳዳ በሙሉ ከምሳ በፊት ጨርሼ ብሎን የሚይዘውን ፊሸር መታሁ። ለምርመራው ስንት ልክፈል ብላቸው "ምን ሠራሁና?" ብለው ቆጡኝ። ቡናም አጠጡኝ። ሰው የሚናፍቀው እንዲህ ያለውን ነው።

ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ ባትሪውን በቴስተር አስለኩ። በአየር ማስገቢያው አጮልቁ። ቮልቱን ትታችሁ የባትሪውን አምፒር ሰዓት (የሚይዘውን መጠን) እና የሞተሩን የማሽከርከር ጉልበት ጠይቁ፤ 2 አምፒር ሰዓት ለሳይት ሥራ ቶሎ ያልቃል፣ 4 ወይም 5 ያዙ። ቻኩ፣ ማለትም ፑንታውን የሚይዘው አፍ፣ ባለ 13 ሚሊ ቢሆን ይመረጣል። ቁራጭ ኮንክሪት ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ አናስሞክርም ካሉ ውጡ። የከፈላችሁት ሙሉ ዋጋና ሞዴሉ ደረሰኙ ላይ ካልሰፈረ ብሩን አትስጡ።

ከውጭ ይዞ መምጣትም ይቻላል። ከካናዳና ከአሜሪካ የምትመጡ ግን ቻርጀሩን ጀርባውን አንብቡ። በ120 ቮልት ብቻ የሚሠራ ከሆነ አገር ቤት 220 ላይ ስትሰኩት ይቃጠላል። ድሪሉ በሻንጣ ይገባል፤ ትርፍ ባትሪ ግን በእጅ ቦርሳ ነው የሚያዘው። 18 ቮልት በ5 አምፒር ሰዓት 90 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ እስከ 100 ድረስ ያለ ፈቃድ ያልፋል። ባለ 6 አምፒር ሰዓቱ 108 ስለሚሆን አየር መንገዱን አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል።