«ሙሉ የሕግ መጽሐፍ» ብለው የሚሸጡላችሁን አትግዙ

ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ ተጫዋቾች ባለታሪክ እየሆኑ በዳይስ የሚጫወቱት የምናብ ጨዋታ ነው። ሰሞኑን በኢንተርኔት ገበያ «የደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ ሙሉ የሕግ መጽሐፍ» እየተባለ የሚቸበቸብ ጥራዝ አለ። አትግዙት። አንዲት የማውቃት እናት ለልጇ የልደት ስጦታ ብላ 60 ዶላር ከፍላበታለች። ሽፋኑ ያብረቀርቃል፤ ውስጡ ግን አንድ ሥዕል እንኳን የሌለው፣ በሁለት ዓምድ የተጨናነቀ ጽሑፍ ነው። ልጁ ባለታሪኩን ሊፈጥር ሲቀመጥ የሚመርጠው የኋላ ታሪክ፣ ማለትም ባለታሪኩ ከጀብዱው በፊት የነበረው ሕይወት፣ አንድ ብቻ ሆኖ አገኘው፤ የቤተ መቅደስ አገልጋይ። ልዩ ክህሎትም አንድ ብቻ፤ ትግል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ዋናው የተጫዋቾች መጽሐፍ 13 የኋላ ታሪኮች እና አርባ ያህል ልዩ ክህሎቶች አሉት።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ጥራዙ አሳታሚው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት በ2016 በነጻ የለቀቀው የሕግ ማጣቀሻ ሰነድ ነው። ኩባንያው በጥር 2023 ይህንኑ ሰነድ በክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስላወጣው ምንጩን የጠቀሰ ማንም ሰው አባዝቶ ሊሸጠው ይችላል። ስለዚህ መሸጡ በራሱ ስርቆት አይደለም። ማታለሉ ያለው «ሙሉ» በሚለው ቃል ላይ፣ ደግሞም ምንጩን የሚጠቅሰው አንቀጽ ተቆርጦ በመውጣቱ ላይ ነው። አንቀጹ ቢኖርማ ገዢው አንብቦ ሰነዱን ያለ አንድ ሳንቲም ያወርደው ነበር።

እንዲህ ያለ ንግድ የሚያዋጣው የእነዚህ ጨዋታዎች አሳታሚዎች ገንዘብ የሚያገኙበት መንገድ የተለያየ መሆኑን ገዢው ስለማያውቅ ነው። ጨዋታው አንድ ሰው ታሪኩን እየመራ፣ ሌሎቹ ባለታሪኮቹን እየሆኑ፣ ዳይስ እየተጣለ የሚካሄድ ነው። የሚሸጡት ነገሮች በመሠረቱ ሁለት ናቸው፤ ሕጉ እና የተዘጋጀው ጀብዱ፣ ማለትም ተጫዋቾቹ የሚያልፉበት ታሪክ።

ዊዛርድስ በዋናነት ሕጉን ይሸጣል። ዋናዎቹ መጻሕፍት ሦስት ሲሆኑ በ2014 ሲወጡ እያንዳንዳቸው 50 ዶላር ገደማ ነበሩ። ሦስቱም የሚያስፈልጉት ለጨዋታው መሪ ነው፤ ተጫዋች አንዱ ይበቃዋል፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ነጻው ሰነድ ያገለግለዋል። ጀብዱው ለብቻው በጠንካራ ሽፋን ይሸጣል፤ እዚህ ላይ ጥራቱ ከመጽሐፍ መጽሐፍ በጣም ይለያያል። በ2022 የወጣውን፣ ጨዋታውን ወደ ኅዋ የሚወስደውን የስፔልጃመር ስብስብ ተመልከቱ። ሲወጣ ዋጋው 70 ዶላር ነበር፤ መጻሕፍቱ ሦስት፣ እያንዳንዱም 64 ገጽ ነው። አንዱ ስለ ዓለሙ፣ አንዱ ስለ ጭራቆች፣ አንዱ ጀብዱ። መርከብ ከመርከብ ጋር በኅዋ የሚዋጋበትን ሕግ ፈልጎ የገዛ ሰው ያገኘው ጥቂት ገጾች ነው። ረጅም ጀብዱ የፈለገም 64 ገጽ ላይ ያልቅበታል። ሥዕሎቹ ያምራሉ፤ እኔ ግን ለሥዕል 70 ዶላር አልከፍልም።

የዲጂታሉ ደግሞ የባሰ ነው። ሃስብሮ፣ የዊዛርድስ ባለቤት፣ የጨዋታውን መጻሕፍት በኢንተርኔት የሚሸጠውን ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ የተባለ አገልግሎት በ2022 በ146 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከመጽሐፍ መደብር የገዛችሁት የወረቀት መጽሐፍ እዚያ አይቆጠርላችሁም። እዚያ የገዛችሁትም በፒዲኤፍ አይወርድም። ቀድሞ ከአንድ መጽሐፍ የምትፈልጉትን ቁራጭ ብቻ በጥቂት ዶላር መግዛት ይቻል ነበር፤ በ2024 ይህ ቀረ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ደግሞ ሰዎች ገንዘብ የከፈሉባቸው የቀድሞው እትም ድግምቶች በባለታሪክ መዝገባቸው ላይ በአዲሱ የ2024 እትም እንደሚተኩ ተነገራቸው። ተጫዋቹ ሲጮህ ኩባንያው በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ለወጠ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሌላው አሳታሚ ፔይዞ የሄደበት መንገድ ተቃራኒ ነው። የጀመረው ለደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ መጽሔቶችን በፈቃድ በማተም ሲሆን መጽሔቶቹ በ2007 ሲወሰዱበት በተከታታይ ቅጽ የሚወጣ ጀብዱ ማሳተም ያዘ። የራሱን ጨዋታ ፓዝፋይንደርን ያወጣው በ2009 ነው። ሕጎቹ በሙሉ አርካይቭስ ኦፍ ኔቲስ በተባለው ድረ ገጽ፣ በኩባንያው ፈቃድ፣ በነጻ ይነበባሉ። ስለዚህ «ያለዚህ መጽሐፍ መጫወት አትችሉም» የሚላችሁን ሻጭ አትስሙት። በ2019 የወጣውን ከ600 ገጽ በላይ የሆነውን ወፍራም የሕግ መጽሐፍ በርካሽ ካገኛችሁም ለምን እንደረከሰ እወቁ፤ ከኅዳር 2023 ጀምሮ በአዲስ መጻሕፍት ተተክቷል። ጨርሶ አልሞተም፤ የአዲስ ዋጋ ግን አይከፈልበትም። በጀብዱው በኩል የምታዩት የቅጹን ቁጥር ነው። ከስድስት ቅጽ ሦስተኛውን ለብቻው የሚሸጥላችሁ ሰው መካከሉ ብቻ ያለ ታሪክ ነው የሚሰጣችሁ። ባለታሪኮቻችሁም ለዚያ ደረጃ ያልደረሱ ጀማሪዎች ናቸው።

አሮጌ መጽሐፍ ሳልፈራ የምገዛው ኬኦሲየም የተባለው ሦስተኛ አሳታሚ ያወጣውን ነው። ኮል ኦፍ ክቱሉ የተባለው የአስፈሪ ታሪክ ጨዋታው ከ1981 ጀምሮ እስከ ሰባተኛው እትም ሲደርስ የሕጉ አጥንት ስላልተነካ፣ የ1980ዎቹ ጀብዱ በጥቂት ማስተካከያ ዛሬም ይሠራል። የማስጀመሪያ ሕጉ ከአንድ ሙሉ ጀብዱ ጋር በነጻ ይወርዳል። የደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ የማስጀመሪያ ሳጥን ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ሞክሩ ብል አላጋነንኩም።

ወደዚያ ጥራዝ ልመለስ፤ ሻጩ ሽፋኑን እየቀያየረ በሌላ ርዕስ እያወጣው ነው። ስለዚህ በሽፋን አትለዩትም። ከመክፈላችሁ በፊት የኋላ ታሪኮች የተዘረዘሩበትን ገጽ ፎቶ ላክልኝ በሉት። አንድ ብቻ ካለ የ2016ቱ ነጻ ሰነድ ነው። አራት ካሉ በ2025 የወጣው አዲሱ ነጻ ሰነድ ነው፤ ዋናው የ2024 መጽሐፍ 16 አለው። ፎቶውን ካልላከ ደግሞ ገንዘባችሁን አትላኩ።