«ፎልደር ኦፕሽንስ» ጠፋ ብላችሁ ፎርማት እንዳታስደርጉ

በዊንዶውስ ኤክስፒ ወይም በዊንዶውስ 7 ላይ የተደበቁ ፋይሎችን ለማሳየት የምንገባበት «ፎልደር ኦፕሽንስ» ከሜኑው ድንገት ሲጠፋ፣ ፍላሽ ላይ ያለውም ፋይል ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ሲገኝ፣ አንዳንድ ጥገና ቤቶች ያላቸው መልስ አንድ ነው፦ «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ»። በላዩ ላይ «ፋይሉን ለማዳን» ተብሎ ሌላ ሒሳብ ይመጣል። ሁለቱንም አትክፈሉ። ሜኑው የጠፋው ሬጅስትሪ (ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥበት መዝገብ) ውስጥ 1 የሚል ቁጥር ስለተጻፈ ነው። ፋይሉ ደግሞ ተደብቋል እንጂ የትም አልሄደም።

መጀመሪያ በእርግጥ መጥፋቱን አረጋግጡ። ዊንዶውስ 7 ላይ የሜኑው መስመር ራሱ ሲጀመር የተደበቀ ነው። ማንኛውንም ፎልደር ከፍታችሁ የ«አልት» ቁልፍን አንዴ ስትጫኑ ይመጣል፤ «ቱልስ» የሚለው ሥር መጨረሻ ላይ እዩ። በ«ኦርጋናይዝ» በኩልም «ፎልደር ኤንድ ሰርች ኦፕሽንስ» ተብሎ ይገኛል። ኤክስፒ ላይ ግን «ቱልስ» ሁልጊዜ ከላይ ስለሚታይ፣ እዚያ ከሌለ በእርግጥም ተነሥቷል ማለት ነው።

ከፋይ ኪስ የሚያድን ፈተና ይኸውላችሁ። በ«ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ «ዩዘር አካውንትስ» ገብታችሁ አዲስ የአድሚኒስትሬተር አካውንት ክፈቱና በሱ ግቡ። እዚያ «ፎልደር ኦፕሽንስ» ካለ ዊንዶውሱ ጤነኛ ነው፤ የተነካው የድሮው ተጠቃሚ ቅንብር ብቻ ነው። ይህን ለባለሙያው አሳዩትና ፎርማቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ጠይቁት።

ሜኑውን የሚያጠፋው ቅንብር ማይክሮሶፍት ለመሥሪያ ቤት አስተዳዳሪዎች ብሎ የሠራው ነው። የፍላሽ ቫይረሶች የሚጠቀሙበት የተደበቀ ፋይል እንዳታዩ፣ በዚያውም እነሱን እንዳታገኟቸው ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤት ሆኖ ከሰርቨር ጋር የተሳሰረ ከሆነ አትልፉ፦ ብትመልሱትም ቅንብሩ በየ90 ደቂቃው ገደማ ስለሚታደስ ተመልሶ ይጠፋል፤ የአይቲ ክፍሉን ጠይቁ። ከመሥሪያ ቤት የወጣ ያገለገለ ኮምፒውተር የገዛችሁም ቫይረስ ሳይኖር ይህ ሊያጋጥማችሁ ይችላል።

ቫይረስ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ቫይረሱ እየሠራ ሜኑውን ብትመልሱት ወዲያው ያጠፋዋል፤ «ሞክሬው ነበር፣ አልሠራም» የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ የዊንዶውስ ምልክት ሳይመጣ «ኤፍ8»ን እየተጫናችሁ «ሴፍ ሞድ» (ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊዎቹን ብቻ ይዞ የሚነሣበት) ግቡ። የዊንዶውስ ቁልፍንና «አር»ን አንድ ላይ ተጭናችሁ በሚመጣው የ«ራን» ሳጥን «ኤምኤስኮንፊግ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ፤ «ስታርታፕ» የሚለውን ገጽ ክፈቱ። «ኮማንድ» በሚለው ዓምድ የፋይሉ አድራሻ ይታያል፦ ከ«ቴምፕ» ወይም ከ«አፕሊኬሽን ዳታ» የሚነሣ የማታውቁት ነገር ካለ ምልክቱን አንሡለት። «ኤስቪሲሆስት» የሚል የዊንዶውስ የራሱ ፕሮግራም ስም እዚያ ካገኛችሁ አትታለሉ። እውነተኛው «ሲስተም32» ውስጥ ነው የሚኖረው፣ «ስታርታፕ» ዝርዝር ውስጥም አይገባም። ከዚያ በጸረ ቫይረስ ሙሉ ስካን አድርጉ። ለኤክስፒ የማይክሮሶፍት ድጋፍ በ2014፣ ለዊንዶውስ 7 በ2020 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስለቆመ ብዙ አዳዲስ ጸረ ቫይረሶች እነሱ ላይ አይጫኑም፤ በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር በተዘጋጀ፣ ከፍላሽ በሚነሣ ማጽጃ ብትሠሩ ይሻላል።

አሁን ሜኑው። ዊንዶውሳችሁ «ፕሮፌሽናል» ወይም «አልቲሜት» ከሆነ በ«ራን» ሳጥን «ጂፒኤዲት ነጥብ ኤምኤስሲ» ብላችሁ ክፈቱ («ሆም» ላይ የለም)። «ዩዘር ኮንፊገሬሽን»፣ «አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ»፣ «ዊንዶውስ ኮምፖነንትስ»፣ «ዊንዶውስ ኤክስፕሎረር» እያላችሁ ውረዱ። «ፎልደር ኦፕሽንስን ከቱልስ ሜኑ ያነሣል» የሚለውን በድርብ ክሊክ ክፈቱና «ዲስኤብልድ» አድርጉት። ስሙ ራሱ «ያነሣል» ስለሚል ሰው ግራ እየተጋባ «ኢነብልድ» ያደርገዋል፤ ያ ተቃራኒው ነው። ወጥታችሁ እንደገና ግቡ።

«ሆም» ላይ ከ«ራን» ሳጥን በሚከፈተው የሬጅስትሪ ማረሚያ በ«ሬጅኤዲት» ነው። «ከረንት ዩዘር» ሥር «ሶፍትዌር»፣ «ማይክሮሶፍት»፣ «ዊንዶውስ»፣ «ከረንት ቨርዥን»፣ «ፖሊሲስ»፣ «ኤክስፕሎረር»። እዚያ «ኖፎልደርኦፕሽንስ» የሚል ተያይዞ የተጻፈ ስም ታገኛላችሁ፤ ዋጋው 1 ነው፣ ሰርዙት። ከመሰረዛችሁ በፊት ግን በ«ፋይል» ሥር «ኤክስፖርት» ብላችሁ ቅጂ ያዙ።

ሜኑው ተመልሶም «የተደበቀውን አሳይ» የሚለው ምርጫ «ኦኬ» ስትሉ ወደነበረበት የሚመለስ ከሆነ ሌላ የቫይረስ ሥራ ነው። በ«ሬጅኤዲት» በ«ሎካል ማሽን» ሥር በዚያው መንገድ እስከ «ከረንት ቨርዥን» ወርዳችሁ፣ በ«ኤክስፕሎረር»፣ «አድቫንስድ»፣ «ፎልደር»፣ «ሂድን» በኩል «ሾውኦል» ውስጥ ግቡ። «ቼክድቫልዩ» ዋጋው 1 መሆን አለበት። አንዳንዱ ቫይረስ ቁጥሩን 0 ያደርጋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ዓይነቱን ወደ ጽሑፍ ይቀይርና 1 ተብሎ ቢታይም አይሠራም። ያኔ ሰርዛችሁ በዚያው ስም «ዲዎርድ» (የቁጥር ዓይነት) የሆነ አዲስ ፍጠሩና ዋጋውን 1 አድርጉት።

ፍላሹን «ቫይረስ በላው» ከማለታችሁ በፊት ራይት ክሊክ አድርጉና «ፕሮፐርቲስ» እዩ። ባዶ የሚመስለው ፍላሽ ላይ የተያዘው ቦታ እንደ በፊቱ ብዙ ጊጋባይት ከሆነ ፋይላችሁ አለ። የምታዩዋቸው ሾርትከቶች እያንዳንዳቸው ከ1 ወይም ከ2 ኪሎባይት አይዘሉም፤ አትክፈቷቸው። ከ«ራን» ሳጥን በሚከፈተው የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት በ«ሲኤምዲ»፣ የፍላሹ ፊደል «ጂ» ከሆነ በእንግሊዝኛ ፊደል እንዲህ ጻፉ፦ አትሪብ -ኤች -አር -ኤስ /ኤስ /ዲ ጂ:\*.*

ሦስቱንም ምልክት («ኤች» የተደበቀ፣ «አር» ለማንበብ ብቻ፣ «ኤስ» ሲስተም) አንድ ላይ ማንሣት ግድ ነው። ቫይረሱ ፋይሉን «ሲስተም» ስለሚያደርገው «ኤች»ን ብቻ ብታነሡ እምቢ ይላል፤ በ«ፕሮፐርቲስ» «ሂድን» የሚለው ሳጥን ደብዝዞ የማይነካውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከትእዛዙ በኋላ ስም የሌለው ፎልደር ብቅ ቢል እንዳትሰርዙት፦ አንዳንዱ ቫይረስ ፋይሉን ሁሉ እዚያ ነው የሚያጭቀው። ሰነዶቻችሁን ቅዱ፣ ሾርትከቶቹን ሰርዙ፣ ፍላሹን ያኔ ፎርማት አድርጉት።

«1,000 ስሕተት ተገኘ፣ ለማስተካከል ይክፈሉ» የሚሉ ማጽጃ ፕሮግራሞችንም ዝለሏቸው።

ፎርማት በእርግጥ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ለምሳሌ ቫይረሱ የፕሮግራም ፋይሎችን ራሳቸውን በክሎ ከሆነ። ያኔም ዊንዶውሱ ካለበት «ሲ» ውጭ ያለው የዲስክ ክፍል «ዲ» እንዳይነካ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ዴስክቶፕና «ማይ ዶክመንትስ» «ሲ» ላይ ስለሆኑ አብረው ይጠፋሉ፤ ቅዷቸው። «ዊንዶውስ» ውስጥ ያለውን «ፎንትስ» ፎልደርም ቅዱ፦ ድሮ በቪዥዋል ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) የተጻፈ ደብዳቤ የፊደሉ ፎንት ከሌለ ከፎርማቱ በኋላ የሚከፈተው የላቲን ትርምስ ሆኖ ነው፣ ለዚያም «ፋይሉ ተበላሽቷል» ተብሎ እንደገና የሚያስከፍል አይጠፋም።