ከንፈር ሲጸልይና ልብ ሲጸልይ

ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ሁለቱም "አሜን" ይላሉ። እስከዚህ ድረስ ማን ምን እንደሆነ አታውቅም። ልዩነቱ የሚታየው ሲወጡ ነው፤ አንዱ የተጣላውን ሰው ሲያይ ፊቱን አዙሮ ያልፋል፣ ሌላው ግን እግሩ እየከበደውም ቢሆን ጠጋ ብሎ "በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ" ይላል።

ሉቃስ ወንጌል 18 ላይ ኢየሱስ በተናገረው ምሳሌ ሁለት ሰዎች ሊጸልዩ ወደ ቤተ መቅደስ ይወጣሉ፤ አንዱ ፈሪሳዊ፣ ማለትም ሕግ አጥባቂ የሃይማኖት ሰው፣ ሌላው ቀራጭ፣ ማለትም ግብር ሰብሳቢ። ፈሪሳዊው በሳምንት 2 ጊዜ እንደሚጾም፣ ከሚያገኘው ሁሉ አሥራት እንደሚያወጣ ይናገራል። ይሄ በራሱ መጥፎ አይደለም! ችግሩ ጸሎቱ ነው። ራሱን ከሌላው ጋር ያወዳድራል እንጂ አንድም ነገር አይለምንም። ቀራጩ ግን በሩቅ ቆሞ፣ ቀና ለማለት እንኳን ፈርቶ፣ ደረቱን እየደቃ ምሕረት ብቻ ጠየቀ። ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰውም እሱ ነው።

ታዲያ ሥርዓቱ ይቅር? በፍጹም። ኢየሱስ ራሱ ጾሟል፣ ምኩራብም ይሄድ ነበር። ማቴዎስ 23 ላይም ከአዝሙድና ከከሙን አሥራት እያወጡ ፍርድንና ምሕረትን የተዉትን ሲገሥጽ፣ አሥራቱን ጣሉት አላለም። እኔን ግን ምረጥ ካላችሁኝ፣ በሩን ዘግቶ፣ ስልኩን አጥፍቶ፣ የሚናገረው እንኳን ጠፍቶት በእግዚአብሔር ፊት ዝም ብሎ የሚያለቅሰውን ሰው መሆን እመርጣለሁ።