የግራፊክስ ካርድ ሙቀት በታስክ ማናጀር፦ ከ8 ወር በኋላ

ካርዱ የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1060፣ ሲስተሙ ዊንዶውስ 10፣ ቦታው ጅማ፣ ጊዜው ከመስከረም እስከ ሚያዝያ። ለዕለት ተዕለት ክትትል ምንም ማውረድ አያስፈልግም፤ ግን ታስክ ማናጀር (ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው መከታተያ) የሚደብቀው ነገር አለ።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጭኖ ፐርፎርማንስ ሲገባ፣ በግራ በኩል ጂፒዩ (ግራፊክሱን የሚሠራው ፕሮሰሰር) ከሚለው ስር ዲግሪው ይነበባል። ካልታየ ዊንዶውሱ ከ2004 እትም በታች ሊሆን ይችላል (ዓመት አይደለም፣ የእትም ቁጥር ነው፤ የወጣው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው)። ወይም ድራይቨሩ (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር) አርጅቷል፤ ደብሊውዲዲኤም የሚባለው የድራይቨር ደረጃ 2.4 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት፣ ይህም ዲኤክስዲያግ በተባለው የዊንዶውስ መመርመሪያ ውስጥ ዲስፕሌይ ገጽ ላይ ይታያል። ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ ጂፒዩ ከሆነ ግን አይድከሙ፤ አያሳይም።

ትልቁ ጉድለት ታሪክ አለመያዙ ነው። ከጨዋታው በኦልት ታብ ወጥተው እስኪያዩት ጫናው ይቀንስና ሙቀቱ በሰከንዶች ውስጥ ይወርዳል፤ 82 የነበረው 70 ሆኖ ይነበባል። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው ከኤንቪዲያ ድራይቨር ጋር የሚመጣው ትዕዛዝ ነው፦ ኮማንድ ፕሮምፕት ተከፍቶ በላቲን ፊደል ኤንቪዲያ፣ ሰረዝ፣ ኤስኤምአይ፤ ከዚያ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ፣ ትንሹ (ስሞል) ኤል፣ ክፍት ቦታ፣ 5። በየ5 ሰከንዱ ሙቀቱን፣ የፋኑን ከመቶኛና የሚበላውን ዋት ይጽፋል። ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ላይ ሸርተት አድርጎ ማየት ነው። ማስቆሚያው ኮንትሮል ሲ።

ካርዱ ያለ ሥራ ከ35 እስከ 50፣ ጨዋታ ላይ ከ65 እስከ 80 ቢሆን ጤነኛ ነው። 83 ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ አምራቹ ያስቀመጠው ጣሪያ 94 ነው። ስለዚህ ጨዋታው መንተባተብ የሚጀምረው ካርዱ አደጋ ላይ ከመውደቁ በፊት ነው።

ዩቲዩብ ላይ ከሚታየው ቁጥር ጥቂት ዲግሪ ቢበልጥ አይደንግጡ። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ነች፤ አየሩ ስለሚሳሳ ፋኑ በዚያው ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በጋ ላይ አቧራው ይጨመርበታል፤ አቧራውን ለመከላከል ኬዙ ላይ የሚጣለው ጨርቅ ደግሞ ኮምፒውተሩ በርቶ እያለ ከአቧራው ይብሳል። ሲጠፋ ብቻ ይሸፈን።

ሲጸዳ የኤሌክትሪክ ገመዱ ይነቀል፣ የፋኑ ቅጠል በጣት ይያዝ፤ በአየር ግፊት ከመጠን በላይ ከተሽከረከረ ኩሽኔታው ይጎዳል። ከጽዳቱ በፊትና በኋላ አንዱን ጨዋታ ለ20 ደቂቃ ከፍቶ ማነጻጸር ይበቃል። ቁጥሩ ካልወረደ የደረቀው ቴርማል ፔስት (ከቺፑ ወደ ማቀዝቀዣው ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት) ሊሆን ይችላል።