ዛፌን የፈለጡልኝ ሰውዬ፦ ከ5 ኮከብ 4

የገና ዛፍ ለማቆም ሁሉም ሰው ይሯሯጣል። ለማውጣት ሲሆን ግን ዝም። እኛ ቤት ታኅሣሥ 28 ይቆማል፣ ጥምቀት አልፎ ጥር 12 ወይም 13 ይነሳል። ቤታችን ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። ዛፉ የፈረንጅ ጥድ ነው፤ የፕላስቲክ አይደለም፣ ከነሙጫው የተቆረጠ። የሐበሻውን ጥድ ለሁለት ሳምንት ጌጥ ብሎ ማስቆረጥ አልወድም። እሱ አገር በቀል ነው፣ ለማደግም ቀስ ይላል። የፈረንጁ መነሻው ወደ ሜክሲኮ ነው፣ እዚህ በየአጥሩ ቶሎ ይመዘዛል።

አምና የሆንኩትን ልንገራችሁ። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች መጡ፣ ዛፉን አዩት፣ «እቴቴ፣ ይሄ እኮ እንጨት ነው፣ ቆሻሻ አይደለም» ብለው ማዳበሪያቸውን ተሸክመው ሄዱ። ነገሩ እውነት አላቸው። ባለ ጋሪ አስቆምኩና 50 ብር ከፍዬ ጫንኩት። በማግስቱ ልጄን ትምህርት ቤት ሳደርስ ዛፉ ሁለት መታጠፊያ እንኳ ሳይርቅ ቦይ ውስጥ ተጋድሟል። የኛ መሆኑን የነገረን ልጄ ጫፉ ላይ ያሰረችው ቀይ ሪባን ነው። «እማ፣ ዛፋችን!» ብላ ጮኸች፣ ጎረቤት እየሰማ። አፈርኩ።

ዘንድሮ እንጨት ተራ ሄጄ ፈላጭ ጠራሁ። ስድሳ የሚሆናቸው ሰው ናቸው፤ ጋቢ ደርበው፣ መጥረቢያቸውን በጆንያ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። 300 አሉ፣ በ200 ተስማማን። ጠዋት አንድ ሰዓት ብለው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። «ውርጩ ሳይነሳ መጥረቢያ አይጨበጥም፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። በጥር የደብረ ብርሃንን ጠዋት የሚያውቅ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል?

ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ዛፉን ዞረው ዞረው አዩት። አብረቅራቂው ክርና በረዶ እንዲመስል የበተንነው ጥጥ ተርፎ ነበር። «ይሄን ካላነሳሽ አልነካውም። በግ ቢበላው ሆዱ ውስጥ ይቀራል» አሉ። ሽቦውንም አስለቀሙኝ። ከልጄ ጋር ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብለን ለቀምን።

ከዚያ ሥራቸውን ማየት ነው። ቅርንጫፉን ከታች ወደ ላይ እየመለመሉ ቀጭኑን ለጭራሮ ለየት አደረጉ። ግንዱን በመጋዝ ክንድ ክንድ በሚያህል ጉማጅ ቆረጡት፣ ወፈር ያለውን ለሁለት ሰነጠቁት። ሙጫው መዳፋቸው ላይ ሲጣበቅ ዘይት ለምነውኝ አሽተው አስለቀቁት። እኔ ሳሙና ይዤ ቆሜያለሁ። አይ መማር! ግንዱ ለመጥረቢያ እጀታ ይሆን እንደሆነ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ፤ እጀታ ወይራ ነው።

«አሁን እንዳትማግጂው፣ እርጥብ ነው፣ ቤቱን በጭስ ይሞላብሻል። ሁለት ወር ጣሪያ ሥር ይቀመጥ» አሉኝ። ሰማኋቸው። ጭራሮው ግን ቶሎ ደረቀ፣ ኩበት ማቀጣጠያ እሱን የሚያህል አላየሁም። አንድ ጭብጥ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ነበልባሉ ድንገት ይነሳል፤ ልብስም ልጅም ራቅ ይበል። ጉማጁን መጋቢት ላይ ጀመርኩት። ይንጣጣል፣ ፍንጣሪም አለው፤ ስለዚህ ምንጣፍ አጠገብ አላነደውም። ቅጠሉን ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ከፍግና ከአመድ ጋር ደራርቤ ቀበርኩት። የጥድ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፣ እስካሁን ቅጠል ነው።

አንድ ኮከብ የቀነስኩት ስለማርፈዳቸው አይደለም፣ ስለ መጥረጉ ነው። ግቢውን ቅጠል በቅጠል አድርገውት ሄዱ። መጥረግ የሥራዬ አካል አይደለም አሉ፣ እኔም አስቀድሜ አልተነጋገርኩም። እናንተ ተነጋገሩ። ሶፋ ሥር ያለው ግን የራሴ ጥፋት ነው፤ ዛፉን ደርቆ እየረገፈ ሳሎን ውስጥ ጎትቼዋለሁ። አንሶላ ጠቅልዬ ማውጣት ነበረብኝ።

ሒሳባቸውን ስሰጣቸው፣ ለከርሞ የተቆረጠ ትቼ የሐበሻ ጥድ ችግኝ በባልዲ ልተክል እንዳሰብኩ ነገርኳቸው። ከበዓል በኋላ ግቢ ይወጣል፣ አይጣልም። መጥረቢያቸውን በጆንያው እየጠቀለሉ ቀና ብለው አዩኝ።

«እኔስ ምን ልፈልጥ ነው?» አሉ።