ከሐዋሳ ወንዶ ገነት ደርሶ መልስ፦ አስጎብኚ መያዝ ያዋጣል?

ሐዋሳ ሁለት ቀን ያደረ እንግዳ ሐይቁን በጀልባ ዞሮ፣ አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣውን ቀምሶ ሲጨርስ ቀጣዩ ጥያቄ ፍል ውሃና ጫካ ያለው ወንዶ ገነት ነው። በየሆቴሉ እንግዳ መቀበያና በየአስጎብኚ ቢሮው “ፉል ዴይ” እየተባለ የሚሸጥ ጉዞ አለ፤ ከውጭ ለመጣ ሰው ደግሞ ዋጋው ከፍ ብሎ ነው የሚነገረው። አገልግሎቱ በጥቅሉ ደህና ነው። ችግሩ አከፋፈሉ ላይ ነው፤ አብዛኛው ገንዘብ ለመኪናው ይሄዳል፣ ቀኑን የሚያሳምረው ግን ከገንዳው በላይ ያለውን ዳገት፣ ጫካውንና የሚፈላውን ምንጭ የሚያውቀው ሰው ነው። እሱ ከሌለ የምታገኙት አንድ ሞቅ ያለ ገንዳና የሻሸመኔን መጨናነቅ ብቻ ነው።

መንገዱ ረጅም አይደለም። ከሐዋሳ በጥቁር ውሃ ድልድይ ወጥቶ ወደ ሰሜን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ሻሸመኔ ይደረሳል፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ መታጠፍ ነው። ፈተናው ርቀቱ ሳይሆን ሻሸመኔ ራሷ ናት። የባሌ፣ የሐዋሳ፣ የአዲስ አበባና የወላይታ መስመሮች እዚያ ይገናኛሉ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ባጃጁ፣ ጋሪውና ሚኒባሱ ተቆላልፎ ይጠብቃችኋል። ከወንዶ በኩል ደግሞ ጫት የጫኑ አይሱዙዎች ገበያ እንዳያመልጣቸው ይበራሉ፤ ሕዝቡ “አልቃይዳ” ብሎ የሰየማቸው በከንቱ አይደለም። ሾፌር ስትመርጡ “ፈጣን ነው” የሚባለውን ትታችሁ ቀበቶ የሚያስርና የኋላ ወንበር ቀበቶው የሚሠራ መኪና ያለውን ያዙ። ከመነሳታችሁ በፊት ቀበቶውን ሳብ አድርጋችሁ እዩት፤ ወንበሩ ሥር ተቀብሮ የሚቀር ብዙ ነው።

ወጪ ለመቀነስ በሕዝብ ትራንስፖርት መሄድም ይቻላል፤ ከሐዋሳ ሻሸመኔ በሚኒባስ፣ ከሻሸመኔ ወንዶ ገነት በሌላ ሚኒባስ፣ ከዚያ እስከ ፍል ውሃው በባጃጅ። ብቻውን ለሚጓዝ ወጣት ይበቃዋል። ሽማግሌ ወላጅ ወይም ሕፃን ላለው ግን አይሆንም፤ ሲመለሱ እርጥብ ፀጉርና እርጥብ ፎጣ ይዞ መናኸሪያ መቆም ጉንፋን መግዛት ነው።

ወደ ውሉ እንምጣ፤ ቅሬታው ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። “ሁሉንም ይጨምራል” የሚል ቃል አትቀበሉ። ስድስት ነገር በስም እየጠራችሁ ጠይቁ፦ ነዳጅ፣ የሾፌሩ ምሳ፣ የፍል ውሃው መግቢያ፣ የአስጎብኚው መግቢያ፣ የመኪና ማቆሚያና የጫካ መሪ። የመጨረሻው ነው የሚያጣላው። ከሐዋሳ አብሯችሁ የመጣው ሰው ጫካውን ላያውቅ ይችላል፤ እዚያ ሲደረስ የአካባቢው ልጅ ይቀጠራል፤ ክፍያው በእናንተ ላይ ይወድቃል። የአካባቢውን መሪ መቅጠሩ ትክክል ነው፤ ሲዳምኛም ኦሮምኛም ይናገራል፣ የትኛው ጓሮ ማለፊያ እንደሆነ፣ የትኛው እንደማይገባ ያውቃል። ስለዚህ የሐዋሳውን አስጎብኚ ቀንሳችሁ ሾፌርና መኪና ብቻ ተከራይታችሁ የቦታውን መሪ እዚያው ብትይዙ ገንዘቡ በትክክለኛው እጅ ይገባል። ከሐዋሳ አስጎብኚ መያዝ የሚያዋጣው አራትና ከዚያ በላይ ሆናችሁ ስትሄዱ፣ ወይም አማርኛ የማይሰማ የትዳር ጓደኛና ልጅ ይዛችሁ ስትመጡ ነው።

ቁጥር እዚህ አልጽፍም፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን የዛሬ ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አይሆንም። በዶላር ለሚነግራችሁ ግን “በብር ንገረኝ” በሉት፤ ክፍያውም በብር ይሁን። የተስማማችሁበትን በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት ጻፉለትና “እሺ” የሚል መልስ ተቀበሉ። ግማሹን ጠዋት፣ ግማሹን ሐዋሳ ስትመለሱ መክፈል የተለመደ ነው። አብዛኛው ሰው በቴሌብር ይቀበላል፤ የአገር ውስጥ ሲም ካርድ ያላወጣ ሰው ግን ከሐዋሳ ኤቲኤም ጥሬ ገንዘብ አውጥቶ፣ ዘርዝሮ ይሂድ። የውጭ ካርድ ዳገቱ ላይ አይሠራም። ቢጫ ካርድ ያላችሁ ያዙት፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ለያዘ ሰው ብዙ የዜጋ መብቶች ተሰጥተውታል፣ መግቢያ ላይ የውጭ ዜጋ ዋጋ ሲጠየቅ ካርዱን አሳይቶ በትሕትና መነጋገር ይቻላል። መቆጣት አያስፈልግም፤ ቲኬት የሚቆርጠው ልጅ ዋጋውን አላወጣውም።

አንድ ነገር ደግሞ ከዕቅዱ አስወጡ። ብዙ አስጎብኚ “በዚያው የጃማይካ ሰፈርን እናያለን” ይላል። የራስ ተፈሪያኑ ሰፈር ከሻሸመኔ በስተሰሜን፣ በአዲስ አበባ መስመር ላይ ነው፤ የወንዶ መታጠፊያ ደግሞ በሌላ በኩል። ሁለቱን በአንድ ቀን ካጣመራችሁ የሚጎዳው ጫካው ነው፤ ሰፈሩ ራሱን የቻለ ግማሽ ቀን ይገባዋል።

ከሐዋሳ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሱ። ምክንያቱ እንስሳቱ ናቸው። ጉሬዛ የሚታየው ጠዋት ፀሐይ ሊሞቅ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ሲወጣና አመሻሽ ላይ ነው፤ ቀትር ላይ ቅጠል ውስጥ ገብቶ ይተኛል፣ አስጎብኚውም “ትናንት እዚህ ነበር” ከማለት በቀር ምርጫ አይኖረውም። ዳገቱ ላይ ዝግባና ዋንዛ ያለበት የተፈጥሮ ደን ቅሪት አለ። ጥሩ መሪ ቀና ብሎ ከመፈለግ ይልቅ ቆሞ ያዳምጣል፤ ምንቃሩ ላይ ሌላ ቀንድ የደረበ የሚመስለው ትልቅ ወፍ ሲበር የክንፉ ድምፅ እንደ ወናፍ ይሰማል፣ ቱራኮ የሚባለው አረንጓዴ ወፍ ደግሞ ሲቀመጥ ከቅጠል አይለይም፣ ሲነሳ ግን ክንፉ ደም የመሰለ ቀይ ይሆናል። እነዚህን ሳያሳይ “ወፍ ብዙ አለ” ብቻ የሚል መሪ ከያዛችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ፈልጉ። ሁለት ሰዓት ይበቃል። ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃው ያንሸራትታል፤ ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ እንጂ ነጭ ስኒከር አይሆንም።

ከጫካው መልስ ወደ ምንጩ። ሰዎች ድንችና በቆሎ የሚቀቅሉበት ቦታ ነው፤ እንቁላልም እዚያው ይበስላል። ሐዋሳ ራሷ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆና ከዚያም ወደ ላይ ስለተወጣ፣ በዚህ አካባቢ ንጹሕ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ምንጩ ደግሞ ከዚያ በታች ነው የሚሆነው። እንቁላል ይህ ይበቃዋል፣ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ። ድንች ግን ከ80 ዲግሪ በታች በሆነ ውሃ ቀኑን ሙሉ ቢውል አይለሰልስም፤ ለዚህ ነው ብዙ እንግዳ ውጪው ሞቆ ውስጡ የሚንኮሻኮሽ ድንች በልቶ የሚመለሰው። ጥፋቱ የቦታ ምርጫ ነው። ከምንጩ አሥር እርምጃ ወርዶ ቦዩ ላይ የተቀመጠ ድንች አይበስልም፤ አረፋው ከሚወጣበት ዓይኑ ሥር መግባት አለበት፣ እንቁላል የሚያህለውም ቢያንስ 40 ደቂቃ ይፈልጋል። ትልቁን ለሁለት ክፈሉት።

ፌስታል አትጠቀሙ፤ በሙቀት ይለሰልስና ድንቹ ጭቃው ውስጥ ይቀራል። የክር መረብ ወይም ነጠላ ጨርቅ ይሻላል፤ ከላይ ረጅም ገመድ ታስሮበት፣ ገመዱ ጫፍ ላይ ቋጠሮ ወይም ባለቀለም ክር። ቅዳሜና እሑድ አሥር ገመድ ጎን ለጎን ስለሚዘረጋ ምልክት የሌለው ሰው የጎረቤቱን ድንች ያወጣል። እንቁላሉን ከመንከራችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ቦዩ ላይ አሙቁት፤ ቀዝቃዛ እንቁላል በድንገት ሲገባ ይሰነጠቅና የማዕድኑ ጣዕም ውስጡ ይገባል። ጨውና ሚጥሚጣ በወረቀት ጠቅልላችሁ ከቤት ያዙ።

ጠርዙ ግን ቀልድ አይደለም። አፈሩ ከላይ ደርቆ ከሥሩ ለስላሳ ነው፤ እግር ይሰምጣል፣ ከሥሩ ያለው ውሃ ቆዳ ይገሽልጣል። ገመዱን የሚጥለው መሪው ይሁን፤ ልጅ እጁ ይያዝ። ቢቃጠል ሰው ሁሉ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱም ሙቀቱን አፍነው ያስቀራሉ። የሚያስፈልገው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ ነው፤ መኪናው ውስጥ ሁለት ጀሪካን የቧንቧ ውሃ እንዲጫን ጠዋት ሾፌሩን አስታውሱት።

ወደ ገንዳው ከመውረዳችሁ በፊት፣ እንዲያውም ከሐዋሳ ከመነሳታችሁ በፊት፣ ደውላችሁ “ገንዳው ሞልቷል ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ። “ክፍት ናችሁ ወይ?” ለሚለው ሁልጊዜ “አዎ” ነው መልሱ፤ ግቢው ክፍት ሆኖ ገንዳው ለእጥበት ባዶ ሊሆን ይችላል። ውሃው ከሚገባበት ቧንቧ አጠገብ ያለው ጥግ ከሁሉ ይበልጥ ይሞቃል፤ አዛውንቶች ለወገባቸው እዚያ ሄደው ይቀመጣሉ፣ ልጆች ግን መውጫው በኩል ይሁኑ። ውሃው ከሰውነት ሙቀት በላይ ከሆነ 15 ደቂቃ ገብቶ 10 ደቂቃ መውጣት፤ በየመሐሉ የታሸገ ውሃ መጠጣት፣ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ እናትና አባት ሲወጡ ቀስ ብለው፣ ሰው ይዟቸው ይነሱ፤ ሙቀት የደም ሥርን ስለሚያሰፋ ድንገት የቆመ ሰው ራሱን ይስታል። ነፍሰ ጡር፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ እግሯን ከመንከር አትለፍ። ጫት የቃመ ወይም ቢራ የጠጣ ሰው አይግባ። ዘሎ መግባትም ይቅር፤ ባልታከመ ሙቅ ውሃ ውስጥ በአፍንጫ ገብቶ አንጎል የሚያጠቃ አሜባ ሊኖር ይችላል፣ እጅግ ብርቅ ቢሆንም ገዳይ ነው። ራስን ከውሃው በላይ ማድረግ ዋናው መከላከያ ነው። የዓይን ሌንስ የምታደርጉ አውልቁ።

“ለሆድ መድኃኒት ነው” ተብሎ በላስቲክ የሚቀዳ ውሃ ታያላችሁ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ፍል ውሃዎች ከፍ ያለ ፍሎራይድ አላቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ለእማማ ስጦታ ብላችሁ አትቅዱ። በአካባቢው ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ ደግሞ ቢልሃርዝያ መኖሩ በጥናት ተረጋግጧል፤ ፍል ውሃውን ትታችሁ ወንዝ ውስጥ እግር መንከር ትልቁ ስህተት ነው። ለወባም ማታ ማታ እጅጌ ያለው ልብስ።

ታሪኩን የሚነግር አስጎብኚ ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ። ቦታው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ማረፊያ ነበረበት፤ ከዚያ ወዲህ ነው ገንዳው ለሕዝብ የሆነው። የደን ኮሌጁ የተቋቋመው በ1970 ዓ.ም. ሲሆን ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። በአካባቢው የሽታና የመድኃኒት ዕፅዋት የሚያጠና የግብርና ምርምር ማዕከልም አለ፤ ለመግባት ቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል፣ ጥሩ አስጎብኚ ይህን ከሁለት ቀን በፊት ይጨርሳል። ውሃው ለምን እንደሚሞቅ ስትጠይቁት “እሳተ ገሞራ ስላለ” ብቻ ካለ ግማሹን ነው የነገራችሁ። ዝናቡ በስምጡ ስንጥቅ ወደ ታች ሰርጎ ከትኩስ ዓለት ጋር ተገናኝቶ በሌላ ስንጥቅ ይወጣል። የወንዶ ገነት ወንዞች ደግሞ ወደ ጨለለቃ ረግረግ ወርደው ጥቁር ውሃ ሆነው ሐዋሳ ሐይቅ ይገባሉ፤ ከሐይቁ ግን በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የለም።

ምሳ ገንዳው ዳር ከምትጠብቁ ወደ ገንዳው ከመግባታችሁ በፊት እዘዙ፤ ከታዘዘ በኋላ አንድ ሰዓት መጠበቅ የተለመደ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሙዝ አታስቀምጡ። ጦጣዎቹ ከዛፍ የሚወርዱት ሰው ፊቱን ወደ ስልኩ ሲመልስ ነው፤ ሳህኑን ትታ ዳቦውን ብቻ ይዛ የምትሄድ ጦጣ ካያችሁ ልምድ ያላት ናት። እነሱን መመገብ ደግሞ ለሚቀጥለው እንግዳ ችግር ማቆየት ነው።

ከምሽቱ በፊት ሻሸመኔን ለማለፍ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል መኪና ውስጥ ሁኑ። ሾፌሩ “ገና ነው” ቢልም ውሉ ላይ ሰዓቱን ጻፉት። ለእርጥብ ልብስ ወፍራም ፌስታል ያዙ፣ ወንበሩ ከረጠበ የማጽጃ ገንዘብ የሚጠይቅ አለ። የቦታውን መሪ ቲፕ በእጁ ስጡት፣ በሐዋሳው ቢሮ በኩል “እናደርስለታለን” የሚባለውን አትመኑ።