አንድ ከረጢት ምግብ ለጥንቸልም፣ ለጊኒ ፒግም፣ ለሃምስተርም፦ ከ4 ወር በኋላ ያየሁት

ከ5 ኮከብ 1 ሰጥቼዋለሁ። ለምን እንደሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው፤ ጥንቸል የሚያሳድግ ሰው አንድ ቀን ይሄ አይነት ምግብ እጁ መግባቱ አይቀርም። ተመሳሳዩ በብዙ ስም ስለሚሸጥ የአምራቹን ስም አልጠራም፣ አይነቱን ማወቅ ይበቃል። ቀለም ቀለም ያለው ድብልቅ ነው፤ የተዳመጠ በቆሎ አለው፣ የሱፍ ፍሬ አለው፣ የደረቀ ፍራፍሬና ቀይ ቢጫ ቁርጥራጭ አለው፣ መሃል መሃል ላይ ደግሞ አረንጓዴ ፔሌት፣ ማለትም ተፈጭቶ የተጠቀጠቀ ጥቃቅን የደረቀ ምግብ። ከረጢቱ ላይ ጥንቸል፣ ጊኒ ፒግና ሃምስተር (ሁለቱም ቤት ውስጥ የሚያድጉ፣ የአይጥ ዘመድ የሆኑ ትንንሽ እንስሳት ናቸው) ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታያሉ።

እኔ ቤት አራት እንስሳ አለ። ቡኒትና ጥቁሬ እህትማማች ጥንቸሎች ናቸው፣ 3 ዓመታቸው ነው። ሌሎቹ ሁለት ጊኒ ፒጎች ናቸው፣ ከጥንቸሎቹ ተለይተው ነው የሚኖሩት። እናም ለአራቱም የሚሆን አንድ ከረጢት ሳይ ደስ አለኝ፣ ገዛሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት እሰይ የሚያስብል ነበር። ቡኒት የከረጢቱን ድምፅ ስትሰማ ዘላ ትመጣለች። ከዚያ ግን ሳህኑ ውስጥ የሚቀረውን ማየት ጀመርኩ። ጣፋጩ፣ በቆሎውና ፍሬው ያልቃል፣ አረንጓዴው ፔሌት ይተርፋል። እኔ ደሞ የተረፈውን ደፍቼ አዲስ እሞላለሁ፤ ትልቁ ጥፋቴ እሱ ነው። ከረጢቱ ጀርባ ላይ ያለው የፋይበርና የካልሲየም ቁጥር እኮ እንስሳዋ ሁሉንም አንድ ላይ ከበላች ብቻ ነው የሚሠራው። እየመረጠች ስትበላ ቁጥሩ የእሷን ምግብ አይገልጽም፣ ፋይበሩና ማዕድኑ ያለው በተወችው ውስጥ ነው።

ጥቁሬ ከድሮም ድርቆሽ ነው የምትወደው፣ ሳህኑን ቀመስ አድርጋ ወደ ድርቆሿ ትመለሳለች። ቡኒት ግን ድርቆሹን እየተወችው ሄደች። ከሁለት ወር በኋላ በጠጧ አነሰ። ክብ፣ ትልልቅና ገለባ ገለባ የሚል መሆን ሲገባው ጠቆር ያለ ጥቃቅን ሆነ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ለስላሳው በጠጥ ከኋላዋ ፀጉር ጋር ተጣብቆ አገኘዋለሁ። ይሄ ለስላሳ በጠጥ ቆሻሻ አይደለም። ጥንቸል አንጀቷ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ያዘጋጁላትን ፕሮቲንና ቫይታሚን መልሳ የምታገኘው እሱን ከሥር ከሥሩ እየበላች ነው። መሬት ላይ ወይም ፀጉሯ ላይ ከቀረ አንድም ስኳርና ስታርች በዝቷል፣ አንድም ወፍራ ጎንበስ ማለት አቅቷታል ማለት ሊሆን ይችላል። የቡኒት ሁለቱም ነበር።

በአራተኛው ወር አንድ ቀን ቅጠል ሰጠኋት፣ አፏ ውስጥ አስገብታ መልሳ ጣለችው። ስነካት አገጯ በለሃጭ ርሷል። ወዲያው ወደ ሐኪም ይዣት ሄድኩ፣ እናንተም እንዲህ ካያችሁ አትጠብቁ። ጥንቸል ማስታወክ አትችልም፣ አንጀቷም ሁሌ እየሠራ መቆየት አለበት፤ 12 ሰዓት ያህል ምንም ሳትበላ ከቆየች አስቸኳይ ጉዳይ ነው። ሐኪሙ አፏን ሲያይ የመንጋጋ ጥርሷ ጫፍ እንደ እሾህ ወጥቶ ምላሷን እየወጋ ነበር። ሙሉ ማደንዘዣ ሰጥቶ ሞረደላት።

የጥንቸል ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፣ የፊቱ ብቻ በሳምንት ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር። የመንጋጋውን ጥርስ የሚያሳጥረው ረጅም ሳርና ድርቆሽ ነው፤ እሱን ስታኝክ መንጋጋዋ ወደ ጎን እየሄደ ለረጅም ሰዓት ይፈጫል። በቆሎና ፍሬ ግን ከላይ ወደ ታች ተጫን ተጫን ተደርጎ ያልቃል፣ ጥርሱ አይሞረድም። ጠንካራ ምግብ ጥርስ ያሳጥራል የሚለው ወሬ እኔንም ለረጅም ጊዜ አሳስቶኛል።

ይሄ የእኔ ቡኒት ታሪክ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 32 ጥንቸሎችን በአራት የተለያየ አመጋገብ ከፋፍለው ለ17 ወር ተከታትለዋል። እንዲህ አይነት ድብልቅ የተመገቡት ድርቆሽ የመብላት ፍላጎታቸው ቀነሰ፣ ውሃ የሚጠጡት አነሰ፣ በጠጣቸው ጥቃቅን ሆነ፣ ጥርሳቸው ላይም ችግር ታየ። ሳነበው የቡኒትን መዝገብ ያነበብኩ ያህል ነው የተሰማኝ።

ወደ ጊኒ ፒጎቹ ልምጣ። እነሱ እንደ ሰው ቫይታሚን ሲ በሰውነታቸው መሥራት አይችሉም፣ በየቀኑ በኪሎ ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም ያስፈልጋቸዋል። ከረጢቱ ላይ ቫይታሚን ሲ የሚል ቃል የለም። ቢኖርም ከተከፈተ በኋላ በአየርና በብርሃን እየቀነሰ ስለሚሄድ ወራት የቆየ ምግብ ላይ መተማመን አይቻልም። የእኔዎቹ ያልተጎዱት በየቀኑ ቀይ ጣፋጭ ቃሪያና ቅጠል ስለማይቀርባቸው ነው። ምግቡን ብቻ አምኜ ቢሆን ኖሮ ድዳቸው ይደማ፣ መገጣጠሚያቸው ያብጥ ነበር።

ሃምስተር የለኝም። ግን ሃምስተር እህልም፣ ነፍሳትም የሚበላ እንስሳ ነው፣ ፕሮቲን ይፈልጋል። ሳር በሊታ ከሆነችው ጥንቸል ጋር ከአንድ ከረጢት ይብሉ ማለት ምን የሚሉት ነው?

ፍትሃዊ ለመሆን፣ ማሸጊያው በጣም ጥሩ ነው። ዚፑ በደንብ ይዘጋል፣ ምግቡ አቧራ የለውም፣ አይሸትም፣ ነቀዝም አላየሁበትም። ለሻጩ ጽፌ ነበር፣ «በመጠኑ ይስጡ» የሚል መልስ መጣ። መጠኑ ስንት እንደሆነ ግን ከረጢቱም እነሱም አይናገሩም።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ከጥንቸሎቹ የቀን ምግብ ከ80 እስከ 85 በመቶው የሳር ድርቆሽ ነው፤ ለእያንዳንዷ የራሷን ቁመት የሚያህል ክምር፣ ሲያልቅ ይጨመራል። ከዚያ ላይ ቅጠላ ቅጠል። ፔሌቱ ሁሉም ፍሬ አንድ አይነት የሆነው ነው፣ መምረጥ አይቻልም፤ ስትገዙ ፋይበሩ 18 በመቶና ከዚያ በላይ መሆኑን እዩ። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቷ 25 ግራም በቂ ነው፣ ከዚያ አይለፍ። አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክል ካልሲየሙ ከፍተኛ ስለሆነ ለግልገሎች እንጂ ለትልቅ ጥንቸል የየዕለት ምግብ አይሆንም። ለጊኒ ፒጎቹ የራሳቸውን ፔሌት ቫይታሚን ሲ ያለበትን ለየብቻ እገዛለሁ፣ ትንሽ ትንሹን፣ የምርት ቀኑን አይቼ።

ይሄ ድብልቅ አሁን ቤታችሁ ካለ በአንድ ቀን አትቁረጡት፣ ሆዳቸው ይረበሻል። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ወስዳችሁ እሱን እየቀነሳችሁ አዲሱን ጨምሩ። በጠጡን በየቀኑ እዩ፣ በየሳምንቱም መዝኗቸው። ቡኒት የመጀመሪያዎቹን አምስት ቀናት ሳህኑ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር፣ አንጀቴን በላችው፣ ግን ከቀነስኩት መጠን በላይ አልሰጠኋትም። በስድስተኛው ቀን ማታ ከጥቁሬ ጎን ተኝታ ድርቆሽ ስትፈጭ ሰማኋት። በጠጧ ወደ ድሮው መጠኑ ተመልሷል። ለጥርሷ ምርመራ ከ2 ወር በኋላ ቀጠሮ አለን።